አባባ ከቤት መውጣት ለምን ተዉ?

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሁልጊዜ መውጫው ጥግ የሚቀመጡ አዛውንት አሉ። ሰው "ወደ ውስጥ ይግቡ እንጂ" ሲላቸው "እዚሁ ይሻለኛል፣ ነፋስ አገኛለሁ" ይላሉ። ክፍለ ሀገር ለሠርግ ሲጠሩ ጉልበታቸውን ያመካኛሉ፤ የግድ መሳፈር ካለባቸውም ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አይቀምሱም። ቤተ ክርስቲያን የሚስሙት ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥተው ይሄዳሉ። መስጊድ የሚሄዱት ደግሞ ውዱእ አድርገው ጥቂት እንደተራመዱ ጠብታ ያመለጣቸው ስለሚመስላቸው ተመልሰው ይታጠባሉ፤ እያደርም ሶላቱን እቤት ማድረግ ይቀላቸዋል። ልጆች "አባባ አረጁ፣ ሰው መጥላት ጀመሩ" ይላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ሰው አልጠሉም። ሽንት ቤቱ የት እንዳለ የማያውቁበት ቦታ መዋል ፈርተው ነው።

ይህ ፍርሃት የእርጅና ጠባይ ነው ተብሎ መታለፉ ያንገበግበኛል። የሽንት ችግርና ድባቴ በአዛውንት ወንዶች ላይ አብረው እንደሚሄዱ ከታወቀ ቆይቷል፤ አንዱ ሌላውን እንደሚያባብስም ማስረጃው ተከማችቷል። ሆኖም ለሽንቱ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ስለ ስሜቱ አይጠየቅም። ለጭንቀቱ የአእምሮ ሐኪም ያገኘ ሰውም ሌሊት ስንቴ እንደሚነሳ የሚጠይቀው የለም። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ መጠየቅ አለባቸው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፕሮስቴት ነው። ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን ከብቦ የሚገኝ ዕጢ ሲሆን በወጣት ወንድ ላይ ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ነው። ሥራው ከዘር ፈሳሽ ከፊሉን ማመንጨት ነው። ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን እዚያው ዕጢው ውስጥ ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ወደተባለ ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን ይለወጥና ቧንቧውን የሚያዋስነውን የዕጢውን ክፍል ለዓመታት ቀስ እያለ ያሳድገዋል። ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ ዕጢዎችን የመረመሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ይህ እድገት በ50ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ካሉ ወንዶች በግማሽ ያህሉ፣ 80 ዓመት ካለፋቸው ደግሞ በአብዛኞቹ ላይ ይገኛል። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ብዙ አባቶች ፕሮስቴት ሲባሉ ሞት የተፈረደባቸው መስሏቸው ምርመራውን አቋርጠው ስለሚቀሩ ነው። እርግጥ ነው፣ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ መመርመር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ዕጢው ሲያብጥ መጀመሪያ የሚለፋው ፊኛ ነው። የፊኛ ግድግዳ ጡንቻ ነው፤ መውጫው ሲጠብበት አምርሮ መግፋት ይጀምራል፣ ሸክም እንደለመደ የወዛደር ክንድም ይወፍራል። የወፈረ ፊኛ ግን የተሻለ ፊኛ አይደለም። ይቆጣል። ጤነኛው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ድረስ በትዕግሥት ሲይዝ፣ የተቆጣው የዚያን ሲሶ እንኳ ሳይሞላ "አሁኑኑ" ይላል። አባቶቻችን "ይጀምርና ይቆራረጣል"፣ "ጨርሼ ያላለቀ ይመስለኛል"፣ "ከመጣ ፋታ አይሰጠኝም" የሚሉት ይህንኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከመውጫው መጥበብ፣ ሦስተኛው ከፊኛው መቆጣት ይመጣሉ። ሰውን ከሰው የሚለየውም ሦስተኛው ነው። ቀስ ብሎ የሚወርድን ሽንት በትዕግሥት መጠበቅ ይቻላል፤ ድንገት የሚያጣድፈውን ግን በሰው ፊት መደበቅ አይቻልም።

ሐኪሞች የችግሩን ክብደት የሚለኩበት መጠይቅ አለ። በአሜሪካ የሽንት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሲሆን ሰባት ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 እስከ 35 ከባድ ይባላል። በኋላ ዓለም አቀፍ ሲሆን አንድ ስምንተኛ ጥያቄ ተጨመረበት። ይህ ጥያቄ የሽንትን ጉዳይ ትቶ ሰውየውን ይጠይቃል፦ ቀሪ ዕድሜህን አሁን ባለህበት ሁኔታ ብታሳልፍ ምን ይሰማሃል? መልሱ ከ"ደስ ይለኛል" እስከ "እጅግ ይከፋኛል" ይዘረጋል። በእኔ አስተያየት ከስምንቱ ትልቁ ይህ ነው። በሰባቱ እኩል 15 ነጥብ ያገኙ ሁለት ሰዎች በስምንተኛው ላይ ፍጹም ሊለያዩ ይችላሉ፤ አንዱ "ከዕድሜ ጋር የመጣ ነው፣ እችለዋለሁ" ሲል ሌላው ኑሮ አስጠልቶታል። ልዩነቱ ከፕሮስቴታቸው መጠን አይገኝም። ሐኪሙ ከሽንት ወደ ስሜት የሚሻገርበት ድልድይ እዚሁ ወረቀት ላይ አለ፤ ነጥቡ ተመዝግቦ ከታለፈ ግን ጥያቄው ባይጠየቅም ያው ነበር።

ስለ ማስረጃው ልናገር። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በስዊድን ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ 30,000 ሰዎችን ያሳተፈ አንድ ሰፊ ጥናት የሽንት ችግር ያለባቸው ሰዎች ጭንቀትና ድባቴ እንደሚበዛባቸው፣ በተለይም የማጣደፉ፣ የመቆራረጡና ያለመጨረሱ ስሜት ሁሉም ባሉባቸው ላይ እንደሚከብድ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ጥናት የአንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ስለሆነ የትኛው እንደቀደመ አይነግረንም። ስለዚህ ይበልጥ የሚስበኝ የሆንግ ኮንጉ ነው። ተመራማሪዎቹ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 2,000 ገደማ ወንዶችን መዝግበው ለዓመታት ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ውጤት መሠረት በመጀመሪያው ምርመራ ላይ የሽንት ችግር የነበረባቸው ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ የድባቴ ምልክት ከሌሎቹ ይልቅ ታይቶባቸዋል፤ መጀመሪያ ላይ የነበራቸው ስሜት ከግምት ገብቶም እንኳ። ሽንቱ ቀድሞ ሐዘኑ ተከተለ ማለት ነው።

እንዴት? አንዱ መንገድ በሌሊቱ በኩል ያልፋል። ጥልቁና አካልን የሚጠግነው እንቅልፍ የሚበዛው ከተኛን በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሰዓታት ነው። ሽንት በዚያ ሰዓት ካስነሳ የሚሰርቀው ከሁሉ የከበረውን ክፍል ነው። ሌሊት አንዴ መነሳት ብዙውን ሰው አያስጨንቅም፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ ሲሆን ግን ቀኑ ይበላሻል። ሰውየው ጠዋት ደክሞ ይነሳል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ጋዜጣ ይዞ ያንቀላፋል። በእኛ አገር መነሳቱ ራሱ ሥራ ነው። ሽንት ቤቱ ግቢ ማዶ ነው፤ ብርዱ፣ የጠፋው መብራት፣ የራሰው ደረጃ አለ። የአዛውንት ዳሌ በእንዲህ ያለ ሌሊት ሊሰበር ይችላል። አልጋ ሥር ፖፖ የሚያስቀምጡ አባቶች ደግሞ ጠዋት ማን እንደሚደፋው ሲያስቡ ያድራሉ። ምራት እንዳታየው ብለው ጎህ ሳይቀድ በጓሮ ይዘው የሚወጡ አሉ። የልጅ ልጆች በሞሉበት አንድ ክፍል ለሚያድሩት ያ ቀርቶ ዚፕ የመክፈት ድምፅ እንኳ ያሳፍራል።

ሌላው መንገድ አንጎል ውስጥ ነው፤ ይህ ክፍል ከሁሉ ያስደንቀኛል። ፍሬድሪክ ባሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1920ዎቹ በድመቶች ላይ ባደረገው ሥራ ሽንትን የሚያስለቅቀው ትእዛዝ ከአንጎል ግንድ እንደሚነሳ አሳየ። ቦታው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከዚህ ቦታ አጠገብ ሎከስ ሴሩለስ የተባለ ትንሽ የነርቭ ስብስብ አለ፤ ሥራው አንጎልን ማንቃት፣ ማስጠንቀቅ፣ አደጋ ሲኖር ልብን ማስደንገጥ ነው። ሁለቱ በነርቭ ይገናኛሉ። ሌላም የሚያገናኛቸው አለ፤ የባሪንግተን ክፍል ነርቮች ሰውነት በጭንቀት ጊዜ የሚጠቀምበትን አንድ ኬሚካል ለመልእክት ይጠቀሙበታል። ፊላደልፊያ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ለመፈተን የአይጦችን የፊኛ መውጫ በከፊል አጠበቡ፤ ልክ ፕሮስቴት እንደሚያደርገው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳተሙት አይጦቹ ፊኛቸው ሲቆጣ የሎከስ ሴሩለሳቸው ነርቮች ከልክ በላይ ንቁ ሆኑ፤ የአንጎል ቅርፊታቸው የኤሌክትሪክ ሞገድም ተለወጠ። ከፊኛ የሚነሳ መልእክት የማንቂያውን ደወል ያለ ፋታ ሊያስጮኽ ይችላል ማለት ነው። አይጥ ሰው አይደለም፤ የአይጥን ሐዘንም መጠየቅ አይቻልም። ቢሆንም "ያለ ምክንያት ልቤ ይርዳል፣ ዕረፍት የለኝም" የሚሉ አባትን ቃል ከምናብ የመጣ አድርጎ መውሰድ ከዚህ በኋላ ይከብዳል።

ሦስተኛው መንገድ እፍረት ነው። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ልብስ ላይ የሚቀር እርጥበት፣ ሸተትኩ ይሆን የሚል ሐሳብ፣ ከሰው መሃል በየጊዜው ብድግ ማለት፤ ትናንት ሽማግሌ ሆኖ የተጣሉትን ያስታርቅ የነበረን ሰው ወደ ቤቱ ጥግ ይመልሱታል። ዕድሩን፣ ማኅበሩን፣ የቡና ጓደኞቹን ሲተው ደግሞ ከድባቴ የሚጠብቀው አጥር ፈረሰ። በዚህ ላይ የአልጋ ጉዳይ አለ። በአሜሪካና በስድስት የአውሮፓ አገሮች ከ50 እስከ 80 ዓመት በሆኑ ወንዶች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት የሽንቱ ችግር በበረታ ቁጥር የወሲብ ችግሩም እንደሚበረታ አሳይቷል፤ ዕድሜና ሌሎች ሕመሞች ታስበውም። ይህንን ደግሞ ለማን ይናገራል?

መንገዱ ወደ ኋላም ይሄዳል። ድባቴ የያዘው ሰው ሰውነቱን በተለየ ጆሮ ያዳምጣል፤ ሌላው የማያስተውለው የፊኛ ጥሪ ለእሱ ይጮኻል። እንቅልፍ ስለማይወስደው ይነሳል፣ ከተነሳ አይቀር ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ከዚያም ሽንት ነው ያስነሳኝ ይላል። ስሜትን የሚያስተካክለው ሴሮቶኒን ፊኛን በሚቆጣጠሩት የነርቭ መስመሮችም ውስጥ ስለሚሠራ የአንዱ መዛባት ሌላውን እንደሚነካ ይታሰባል። ከቤት የማይወጣና የማይንቀሳቀስ ሰው ሆዱ ይደርቃል፤ የሆድ ድርቀት ደግሞ ፊኛን ይጫናል። አንድ ጥንቃቄም ልጨምር። የድባቴ መጠይቆች እንቅልፍ ማጣትንና ድካምን ነጥብ ይሰጧቸዋል፤ ስለዚህ በሽንት ብቻ የሚነሳ ሰው ድባቴ ሳይኖረው ነጥቡ ከፍ ሊል ይችላል። በተቃራኒው አዛውንት ወንድ ድባቴ ሲይዘው ብዙ ጊዜ አያለቅስም፤ ይነጫነጫል፣ ዝም ይላል፣ ወገቤን ራሴን ይላል፣ ምግብ ያስጠላዋል። የሚለየው ምልክት ፍላጎት ነው። ሽንት ብቻ ያስቸገረው ሰው ቤቱ ሆኖ ሬዲዮውን ያዳምጣል፣ የልጅ ልጁ ሲመጣ ፊቱ ይፈካል። ይወደው የነበረ ነገር ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ጣዕም ካጣበት ግን ሕክምና የሚያስፈልገው ድባቴ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱን ለየብቻ ማከም አደጋ የሚሆነው መድኃኒት ላይ ነው። አሚትሪፕቲሊን በእኛ አገር ለድባቴም፣ ለእንቅልፍም፣ ለነርቭ ሕመምም በብዛት የሚታዘዝ ርካሽና ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን የፊኛን ጡንቻ ያላላል። ፕሮስቴቱ ያበጠ ሰው ሲወስደው ሽንቱ ጭርሱን ሊቆም ይችላል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከሽንቱ በኩል ደግሞ ፊኛን ለማረጋጋት የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒን በአዛውንት ላይ የማስታወስ ችሎታን ያደክማል። ዕጢውን የሚያሳንሰው ፊናስቴራይድ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከስሜት መውረድ ጋር ስለተያያዘ የሚወስደው ሰው ስሜቱን ማስተዋል አለበት። ቧንቧውን የሚያላሉት እነ ታምሱሎሲን ሰው ብድግ ሲል ራሱን ያዞራሉ፤ ሌሊት ለሚነሳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ሽንት የሚያበዛውን ላሲክስ የሚወስዱ አባት ክኒኑን ማታ ከዋጡት ሌሊቱን ሙሉ ማን እንደሚያስነሳቸው ግልጽ ነው፤ ሰዓቱን መቀየር ብቻ ሊበቃ ይችላል፣ ሐኪሙን ጠይቆ። አንዱንም መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይገባም።

ሁሉንም በፕሮስቴት ማሳበብም ስህተት ነው። በአዛውንት ላይ ከ24 ሰዓቱ ሽንት ከሲሶው በላይ የሚመጣው ሌሊት ከሆነ ችግሩ ከፊኛው አይደለም፤ ሰውነቱ ሌሊት ብዙ ሽንት እያመረተ ነው። ስኳር፣ የልብ ድካም፣ ቀን ሙሉ እግር ላይ የተጠራቀመ እብጠት ሲተኙ ወደ ደም መመለሱ፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ፤ ሁሉም ይህን ያደርጋሉ። በኃይል የሚያንኮራፉና ሌሊት አራቴ የሚነሱ አባት ምናልባት የሚያስፈልጋቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ላይሆን ይችላል።

ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሦስት ቀን ሙሉ በመስፈሪያ ጆግ እየሸኑ ሰዓቱንና መጠኑን ደብተር ላይ መጻፍ፣ የጠጡትንም እንዲሁ። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ልጅ ይጽፍላቸው፤ ካፈሩ ደግሞ የልጅ ልጅ፣ ልጆች አያሳፍሩም። ብዙ አባቶች ያለ ሐኪም የሚወስዱት እርምጃ ውሃ መተው ነው፤ አይጠቅምም። የተጨመቀ ሽንት ፊኛን ይበልጥ ያስቆጣል፣ ሆድም ያደርቃል። የሚሻለው አብዛኛውን ከቀትር በፊት ጠጥቶ ማታ መቀነስ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣውን ቡናና ጠላ መተው፣ እግር ለሚያብጠው ሰው ከሰዓት አንድ ሁለት ሰዓት እግርን ከፍ አድርጎ ጋደም ማለት ነው። ሽንት ቤት ገብተው ከጨረሱ በኋላ ጥቂት ቆይተው እንደገና መሞከር የቀረውን ያወጣል። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ባለው መንገድ ላይ አንዲት መብራት ማብራትም ከመውደቅ ያድናል።

አዛውንቱን ሐኪም ቤት የምትወስዳቸው ብዙ ጊዜ ሴት ልጃቸው ናት፤ ይህን ሐኪሞችም ልጆችም እንዲያስቡበት እለምናለሁ። ሐኪሙ "ሽንት እንዴት ነው አባባ?" ሲል አባት ልጃቸውን በጎን ዓይተው "ምንም አይል፣ ተመስገን" ይላሉ። ልጅ "እኔ ውጭ ልጠብቅ" ብላ ብትወጣ፣ ወይም ሐኪሙ በትሕትና ቢያስወጣት፣ መልሱ ይለወጣል። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ይቀጥል፦ ከቤት መውጣት ትተዋል? የሚያስደስትዎ ነገር ቀርቷል? መኖር አስጠልቶዎት ያውቃል? ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ አይከተውም። በብዙ አገሮች ራሳቸውን ከሚያጠፉ ሰዎች መካከል መጠኑ የሚከፋው በአዛውንት ወንዶች ላይ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ነውር አይደለም። ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ "አዎ" ከሆነ ብቻቸውን አይተዉ፤ በዚያው ቀን የአእምሮ ሐኪም ይያቸው። እንዲሁም ሽንት ጭርሱን ተዘግቶ ሆድ ከተነፋ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ትኩሳት ካለው እስኪነጋ አይጠበቅም።

ሕክምናው ከተጀመረ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ጊዜው ግን በመድኃኒቱ ይለያያል። ታምሱሎሲን በቀናት ወይም በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። የድባቴ መድኃኒት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ፊናስቴራይድ እስከ 6 ወር። ይህን ያልተነገራቸው አባቶች በሦስተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብለው ይተዋሉ። ስለዚህ በስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ይያዝ፤ ያን ዕለትም ደብተሩ ይታይ፣ ሰባቱ ጥያቄዎች ይደገሙ፣ ስምንተኛው ደግሞ ቀስ ተብሎ ይጠየቅ። ሽንቱ ተሻሽሎ ስሜቱ ባለበት ከቀረ ድባቴው ራሱን የቻለ ሕመም ነውና በራሱ ይታከም። ስሜቱ ተሻሽሎ ሽንቱ ካልተሻለም አባት አሁን ቢያንስ የመናገር አቅም አግኝተዋል፤ ቀዶ ሕክምና ይጠቅም እንደሆን የሚመከረው ያኔ ነው።